ጎማ ወይስ ሬንጅ? ከአትክልት ሥር ለሚደበቅ የመዋኛ ገንዳ ቤት

«ገንዳውን ቤት ውስጥ አደርግና ቤቱን ከአትክልት ሥር እደብቀዋለሁ» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ከሩቅ ሲታይ ሜዳ ብቻ፣ ጠጋ ሲሉ በር። ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ግን ሁሌም አንድ ነው፦ አትክልቱ ከሚያርፍበት የጣሪያ ሶሌታ ላይ፣ ውኃ እንዳያሰርግ ጎማ ላልብስ ወይስ ሬንጅ?

ጎማ። ኢፒዲኤም የሚባለውን። በኪሴ የተማርኩት ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት በእሳት የሚለጠፈውን የሬንጅ ጥቅል ነበር። የካሬው ዋጋ ከጎማው ግማሽ ብዙም አይበልጥም። ጥቅሉ ላይ «ሥር አይበሳውም» ይላል፤ አመንኩ። በሁለተኛው ዓመት ከገንዳው ጥግ በላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። የገንዳ ቤት ክፋቱ ይሄ ነው፤ ጣሪያው ያፍስስ ወይስ በእንፋሎት ያልበው አይታወቅም። እንፋሎት ነው እያልኩ ስንት ወር ማራገቢያ ስቀያይር ከረምኩ። አንድ ማታ ከጠብታው ሥር ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ጠዋት ሳየው ቀጭን ሻይ መስሏል። እንፋሎት ደግሞ ቀለም የለውም።

አፈሩን በባልዲ አወረድን። ማንም ያልተከለው የዛፍ ችግኝ ክር የመሰለ ነጭ ሥሩን በሁለቱ ጥቅሎች መጋጠሚያ አሹልኮ አስገብቷል። ሬንጅ ሥር የሚከለክል ኬሚካል ካልገባበት ሥርን አያቆምም። የእኔው ፎርጅድ ነበር። ለጉልበት፣ ለአዲስ አፈርና ለተክል ያወጣሁት ሬንጁን ከገዛሁበት አራት እጥፍ ሆነ። የካሬ ዋጋ ስታወዳድሩ እንግዲህ፣ አትክልቱን አንስቶ መመለሻውንም ደምሩበት።

ጎማው በሰፊው ስለሚመጣ መጋጠሚያው ጥቂት ነው። ሥርም አይበሳውም። ጠላቶቹ ዘይት፣ ነዳጅና ራሱ ሬንጅ ናቸው። አሮጌ ሬንጅ ላይ በቀጥታ ጎማ የሚያነጥፍ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት።

ጎማም ይኮረጃል። ሚዛንና ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ኢፒዲኤም በካሬ 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሬንጅ የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ የናሙናውን ጫፍ ለመቅደድ ሞክሩ። ውስጡ ፖሊስተር ያለበት ይታገላችኋል፤ የመስታወት ክር ብቻ ያለበት ቶሎ ይቀደዳል። ሥር መቋቋሙን የሚያረጋግጠው የጀርመኖቹ ፈተና 2 ዓመት ይፈጃል። ሻጩ የፈተናውን ወረቀት ሲያሳያችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ጥቅሉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። የእኔው አይገጥምም ነበር። ይህን ያየሁት ግን ከቆፈርኩ በኋላ ነው።

ለሬንጅ ያለኝ አንድ ደግ ቃል፦ ጣሪያው የብርሃን መስኮትና ቱቦ የበዛበት ከሆነ፣ ጎማ በየጥጉ ሲቆረጥና ሲጣበቅ መከራ ነው። እዚያ ላይ ጎበዝ ባለሙያ ደርቦ የለጠፈው ትክክለኛ ሬንጅ ይሻላል።

ሬንጅ ወዳዶች የስዊዘርላንዷን ዙሪክ ይጠቅሱብኛል። እ.ኤ.አ. በ1914 በተሠራ የውኃ ማጣሪያ ጣሪያ ላይ ዛሬም ሜዳ አለ፤ 9 ዓይነት ኦርኪድ ይበቅልበታል። ልክ ነው። እዚያ ግን ኮንክሪቱ ላይ የፈሰሰው ወፍራም አስፋልት ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ ጥቅል አይደለም። እኔ ከዙሪክ የምወስደው አፈሩን ነው። የአካባቢው ሜዳ አፈር ስለነበር ዘሩም አብሮ መጣ። ስለዚህ ተጠቅልሎ ለሚሸጥ ዝግጁ የሴደም (ቅጠሉ ወፍራም የሆነ አጭር ተክል) ምንጣፍ ገንዘባችሁን አትበትኑ። ከቅርብ ሜዳ፣ ዘሩ ሳይረግፍ የታጨደ ሣር አምጥታችሁ ጣሪያው ላይ በትኑ፤ ወጪው የጭነት ብቻ ነው። አፈሩ የከሳ ይሁን። ፍግ የጠገበ አፈር ሣሩን ያፋፋል፣ ሣሩ አበባውን ያንቃል። ጥልቀቱን አበላልጡ፤ እዚህ 8፣ እዚያ 15 ሴ.ሜ፣ ጥግ ላይ ለንቦች ራቁት አሸዋ። ክብደቱን ኢንጂነር ያስላው። ውኃ የጠገበ 10 ሴ.ሜ ቀላል ድብልቅ እንኳ በካሬ ከ100 ኪሎ በላይ ሊጫን ይችላል።

አፈሩ ከመውጣቱ በፊት መውረጃውን ደፍናችሁ ጣሪያው ላይ 5 ሴ.ሜ ያህል ውኃ አቁሙ። የውኃውን ከፍታ በጠመኔ ምልክት አድርጉና 48 ሰዓት ጠብቁ። ሠራተኛው «አፈር የጫነው መኪና ደርሷል» ቢላችሁ፣ በር ላይ ያራግፈው።