የሓ ስትሄዱ መኪናውን ከአክሱም፣ አስጎብኚውን ከዚያው ከየሓ

ከመኪና ኪራዩ ልጀምር፤ ያናደደኝ እሱ ነው። አክሱም ያገኘነው አከራይ ከአሜሪካ መምጣታችንን ሲያውቅ ዋጋውን በዶላር ጠራልን። ተከራክረን በብር አስደረግነው። ግን አስጎብኚ አለበት ብሎ የጨመረብን ሂሳብ ለካ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ለዋለ ልጅ ነው! የሓ ያለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ መቼ ተሠራ ስንለው "በጣም ድሮ" አለን። ኧረ በሕግ!

ሾፌሩ ግን ጨዋ ነው። ከአድዋ አልፎ ወደ የሓ የሚገነጠለውን መንገድ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ፎቶ ባልን ቁጥር ሳያጉረመርም ቆመልን።

እዚያ ስንደርስ የአካባቢውን አስጎብኚ ያዝን፣ ገንዘባችንም ያኔ ሥራ ላይ ዋለ። ቤተ መቅደሱ አልመቃህ ለሚባለው የሳባውያን አምላክ የተሠራ ነው፤ ወደ 2,700 ዓመት ይጠጋዋል። ጣሪያ የለውም፤ ግድግዳው ግን 14 ሜትር ያህል ቆሟል፤ ያለ ጭቃ ያለ ኖራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ፣ እኔ የሠራሁት አጥር አምስት ዓመት ሳይሞላው ዘምሟል። እንዴት ሳይፈርስ ቀረ ብንለው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ስላገለገለ ነው አለን። ጀርመኖቹ አርኪዮሎጂስቶች ያቆሙት የብረት ድጋፍ ፎቶዬን አበላሸ ብላ እህቴ አኮረፈች፤ እኔ ከፎቶው ግድግዳው ይቁም ባይ ነኝ።

አጠገቡ ያለውን የአቡነ አፍጼን ቤተ ክርስቲያን ሳታዩ እንዳትወጡ። የዋልያ ቅርጽ ያለባቸው የጥንት ድንጋዮች ግንቡ ላይ ተሰክተዋል። ቄሱ የሳባ ጽሕፈት ያለባቸውን ድንጋዮች ሲያሳዩን አልቸኮሉም፤ እህቴ በጥያቄ ብታደክማቸውም ሁሉንም መለሱላት። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ በእሳት የወደመ ትልቅ ሕንፃ ፍርስራሽ አለ፣ ግራት በዓል ገብሪ ይሉታል፣ የመግቢያው ምሰሶዎች ብቻ እንኳ ያስገርማሉ። አከራያችን የላከው ልጅ ስሙንም አላነሳልንም።

ጥሬ ብር ያዙ። ውሃም። ምሳ አድዋ ተመልሰን የበላነው ሽሮ ምንም አይወጣለትም።

ደብረ ዳሞን በዚያው ቀን ጨምሩ ይሏችኋል፣ ሂሳቡ ስለሚያድግ። ተራራው ላይ በገመድ ነው የሚወጣው፤ ሴት ደግሞ አይገባም። እህቴን ታች ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ልወጣ አልፈለግኩም፣ ተውነው።