የትሪዬስቴው የሕክምና ፊዚክስ ማስተርስ፦ ትልቁ ጥቅሙ በሁለተኛው ዓመት ነው

ፊዚክስ ተምረው በሆስፒታል መሥራት ለሚሹ፣ በተለይም ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተመራቂዎች፣ በጣሊያን ትሪዬስቴ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል ከከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጋራ የሚሰጠው የሕክምና ፊዚክስ ማስተርስ በእኔ ግምት ቅድሚያ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ይህ የሁለት ዓመት ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሲሆን፣ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም ይደግፈዋል።

የመጀመሪያው ዓመት የክፍል ትምህርት ነው፤ ዶዚሜትሪ (የጨረር መጠን ልኬት)፣ የጨረር ሕክምና፣ የኑክሌር ሕክምና፣ የምርመራ ምስልና የጨረር ጥበቃ ይሰጣሉ። ይህን በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ማግኘት ይቻላል። በሁለተኛው ዓመት ግን ተማሪው ሆስፒታል ተመድቦ ልምድ ባላቸው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ሥር ይሠለጥናል፤ ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። በጨረር ሕክምና ታካሚው የሚያገኘው የጨረር መጠን ከታዘዘው ከ5 በመቶ በላይ እንዳይርቅ መጠበቅ የሙያው ዋነኛ ኃላፊነት ነው። የመጠኑን ቀመር ከመጽሐፍ መማር አያስቸግርም፤ ነገር ግን የጨረር መለኪያውን የታካሚውን አካል በሚተካ ውኃ ውስጥ በትክክለኛው ጥልቀት ማስቀመጥ፣ ንባቡን ለሙቀትና ለአየር ግፊት ማረም፣ ያልተጠበቀ ቁጥር ሲመጣ የተሳሳተው ማሽኑ ይሁን መለኪያው ለይቶ ማወቅ፣ ካስፈለገም ሕክምናው ይቁም ብሎ በድፍረት መናገር በሥራው ላይ ካልሆነ አይለመድም።

ጉልህ ድክመቱ የዚሁ የሆስፒታል ሥልጠና ጊዜ ማጠር ነው። ኤጀንሲው ራሱ አንድ ሰው ብቁ የክሊኒክ ባለሙያ ለመባል ከድኅረ ምረቃ ትምህርቱ ሌላ ቢያንስ የ2 ዓመት የተደራጀ የክሊኒክ ሥልጠና እንደሚያስፈልገው ይመክራል። አሜሪካ ለመሥራት የሚያስብ ደግሞ ጥያቄው ይከብድበታል፤ የአገሪቱ የራዲዮሎጂ ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ዕውቅና ባለው ተቋም የክሊኒክ ሥልጠና መውሰድን ለፈተናው ቅድመ ሁኔታ አድርጓል። ስለዚህ ዲግሪው በራሱ የሥራ ፈቃድ አይደለም።

የነፃ ትምህርት ዕድሉ ውስን ነው፤ ውድድሩም ጠንካራ ነው። ፍላጎቱ ንጹሕ ምርምር ለሆነ ተማሪ ይህን ትምህርት አልመክርም፤ የሆስፒታሉ ዓመት ይከብደዋል፣ የሌላውንም ቦታ ይይዛል። በካንሰር ሕክምና ክፍል ለመሥራት የቆረጠ ግን ከማመልከቱ በፊት፣ ሲመለስ የሚቀበለውን ሆስፒታልና ቀሪውን ሥልጠና የሚቆጣጠርለትን ባለሙያ አስቀድሞ ቢያነጋግር ይበጀዋል።