የባትሪ ድንጋይ መለኪያ ለምትፈልጉ፦ ባለ ጠቋሚውን ውሰዱ

ጅማ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች ገብታችሁ የድንጋይ መለኪያ ብትጠይቁ፣ መጀመሪያ የሚያወጡላችሁ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙትን ቴስተር ነው። ቀጥሎ ቁጥር የሚያሳየው ባለ ስክሪኑ ይመጣል። ባለ ጠቋሚው፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባው ትንሽ ሣጥን፣ ከመደርደሪያው ጥግ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። እኔ ግን የምወደው እሱን ነው። ለሪሞት፣ ለግድግዳ ሰዓት፣ ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ ድንጋይ ለሚገዛ ቤት ሁሉ እሱን ነው የምመክረው።

ምክንያቴን በእማዬ የደም ግፊት መለኪያ ላስረዳችሁ። በአራት ደብል ኤ ድንጋይ ይሠራል። ድንጋዩ ሲደክም ቁልፉን ስትጫኑት ስክሪኑ ቁልጭ ብሎ ይበራል፤ ክንዷ ላይ የታሰረውን ጨርቅ የሚነፋው ፓምፕ ሲነሳ ግን ድርግም ይላል። ድንጋዮቹን አውጥታችሁ በቴስተር ብትለኩ 1.3 ወይም 1.4 ቮልት ታያላችሁ፣ ደህና ናቸው ትላላችሁ። ቴስተሩ አልዋሸም። ችግሩ ከድንጋዩ ይህ ነው የሚባል ኃይል ስለማይስብ ነው። ያረጀ ድንጋይ ሥራ እስካልተሰጠው ድረስ ቮልቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ሞተር ሲጎትተው ግን ሲያረጅ በውስጡ የጨመረው ሬዚስታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚያግደው ነገር፣ ቮልቱን ይበላበታል። ባለ ጠቋሚው ሣጥን ውስጡ ሬዚስተር፣ ማለትም ከድንጋዩ ኃይል የሚስብ ትንሽ ዕቃ፣ ስላለው ድንጋዩን እያሠራ ነው የሚለካው።

ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ጥሩ ድንጋይ ስታስገቡ ጠቋሚው አረንጓዴው ላይ ወጥቶ ቀጥ ይላል። የደከመው ደግሞ መጀመሪያ አረንጓዴውን ይነካና ዓይናችሁ እያየ ቀስ እያለ ወደ ቢጫው፣ ከዚያም ወደ ቀዩ ይንሸራተታል። ስለዚህ ገና እንደነካ አታንሱት፣ ትንሽ ጠብቁት። ቆይቶ መርሳትም ጥሩ አይደለም፤ እዚያው ላይ ከተተወ ሬዚስተሩ ድንጋዩን ይጨርሰዋል።

ብዙ ጊዜ ከአራቱ የሞተው አንዱ ብቻ ነው። እኛ ግን አራቱንም እንጥላለን፣ ወይም ደግሞ ሁለት አዲስ ገዝተን ከአሮጌዎቹ ጋር እንቀላቅላለን። መቀላቀሉ ይብሳል። ደካማው ከጠንካሮቹ ጋር ሲሰለፍ እነሱ እየገፉት ካለቀ በኋላም ይሠራል፤ በመጨረሻ ያፈሳል፣ ያ ነጭ ዱቄት የዕቃውን ስፕሪንግ ይበላዋል። በመለኪያው እኩል የሆኑትን አንድ ላይ ታደርጋላችሁ። ቢጫ ላይ የቆመውም አይጣልም፤ የግድግዳ ሰዓት የሚስበው በጣም ጥቂት ስለሆነ ገና ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ የምትጠቀሙም ካላችሁ ሲቀዘቅዝ ለኩት። ሙቀቱ ለጊዜው ያነቃዋል እንጂ ያለቀውን አይመልስም።

ባለ ስክሪኑን አልጠላሁትም፤ ግን ቁጥሩን መተርጎም ይጠይቃል። እማዬ መነጽር ሳታደርግ ቀለሙን አይታ ትለያለች፤ ክረምት ዝናቡ ሲበረታ መብራት ሲጠፋም በሞባይል ብርሃን ይነበባል።

መለኪያው የማይችለውን ደግሞ እወቁ። ቻርጅ የሚደረጉት ድንጋዮች በተፈጥሯቸው 1.2 ቮልት ስለሆኑ ሞልተውም ቢጫ ላይ ሊቆሙ ይችላሉ፤ አትጣሏቸው። ሊቲየም ደብል ኤ እስኪያልቅ ድረስ ቮልቱ ብዙ ስለማይወርድ አረንጓዴው ብዙም አይነግራችሁም። ሲአር 2032 የሚባለው ጠፍጣፋ ባትሪ ደግሞ ባለ 3 ቮልት ነው፤ ለ1.5 ቮልት የተሠራው ቦታ ላይ አታድርጉት። እሱን በቴስተር ለኩት፣ አዲስ ከሆነ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል። ቤታችሁ ቴስተር ካለና ሌላ ወጪ ካልፈለጋችሁ 10 ኦም ሬዚስተር ግዙና በድንጋዩ ሁለት ጫፍ አገናኝታችሁ እየለካችሁ እዩ። ከ1.5 ቮልት ድንጋይ 150 ሚሊ አምፔር ያህል ይስባል፣ ለደብል ኤ ይበቃል።

እኔ የገዛሁበት ሱቅ ልጁ፣ «እህቴ፣ ድንጋይ ልስጥሽ፣ እዚሁ ሞክሪው» ብሎ ራሱ ከፍቶ አሳየኝ። ደስ ያሰኛል። ሌላ ቦታ ደግሞ ታሽጎ የተቀመጠ «አዲስ» ድንጋይ ስለካው ቢጫ ላይ ቆመ፤ መልሼ ሰጥቼ ወጣሁ። መደርደሪያ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ድንጋይ በሙሉ ዋጋ መግዛት ልክ አይደለም። ሣጥኑ ቀላል ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ምንም ሳይገባበት ጠቋሚው ዜሮ ላይ ይቁም። ድንጋዩን የሚይዘውን ክንድ ሳቡና ልቀቁት፤ ላላ ካለ ቀጭኗ ትሪፕል ኤ ታመልጣለች፣ ሌላ አስወጡ። የመደመር ምልክቱም በደንብ የተጻፈ ይሁን፤ ተገልብጦ ከገባ ጠቋሚው ስለማይነሳ ጥሩውን ድንጋይ ሞቷል ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።