የሃይሉክሳችንን የኋላ አሞርዛተር ለቀየሩልን የተክለ ሃይማኖት መካኒክ

ይህ ምስጋና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ ጠባብ ግቢ ውስጥ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ነው። ስሜ በአደባባይ አይውጣ ስላሉኝ አልጽፈውም። መኪናው ያስቸገረው ሰው በግል ይጻፍልኝ፣ ቦታውን እጠቁመዋለሁ።

የዳቦ ቤታችን ሃይሉክስ ዱቄት አራግፎ ባዶውን ሲመለስ ጀርባው ይዘል ጀምሮ ነበር። አስፋልት ላይ ብዙም አይታወቅበትም። ከፒያሳ ጀርባ ወዳሉት የድንጋይ ንጣፍ መንገዶች ሲገባ ግን የኋላ ጎማዎቹ መሬት የለቀቁ እስኪመስለኝ ድረስ ወደ ጎን ይሸሻል። መጀመሪያ ያየው ጋራዥ አራቱም አሞርዛተሮች (የመኪናውን ውዝዋዜ የሚያረግቡት)፣ የኋላው ባሌስትራም (ከተደራረቡ የብረት ንጣፎች የተሠራው ሞላ) ጭምር ይቀየር ብሎ የሚያስደነግጥ ዋጋ ቆረጠልን።

ጋሼ ግን ክሪኩን ከማንሣታቸው በፊት አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ስትጭኚው ከቀድሞው ይበልጥ ይቀመጣል?» አይቀመጥም አልኳቸው። «እንግዲያው ባሌስትራው ደኅና ነው፣ ገንዘብሽን አታውጪ።» ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራው ነው። አሞርዛተሩ በውስጡ ያለውን ዘይት በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ ውዝዋዜውን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ስለዚህ ጀርባው ወርዶ የቀረ መኪና አሞርዛተር ቢቀየርለት ቀና አይልም።

የመኪናውን ጥግ በኃይል ተጭኖ መልቀቅ የሚባለውን ፈተና ሁላችንም እናውቃለን፤ ደጋግሞ ከተወዛወዘ አሞርዛተሩ አልቋል ማለት ነው። ለቤት መኪና ጥሩ ነው። ባሌስትራ ላይ ግን ንጣፎቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ውዝዋዜውን ራሳቸው ስለሚያስቆሙት፣ የሞተ አሞርዛተር እንኳ ጤነኛ መስሎ ያልፋል። ጋሼም በዚህ ፈተና አልተማመኑም፤ በድንጋዩ መንገድ ዞሬ እንድመጣ ላኩኝ። ስመለስ መጀመሪያ የኋላ አሞርዛተሮቹን ራሳቸው ዳሰሱና «ነይ ንኪው ልጄ» አሉኝ። የቀኙ ሞቅ ብሏል፣ የግራው ቀዝቃዛ ነው። «ሥራ የፈታ አይሞቅም።»

ከታች ሲታይ በግራው አካል ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ጋግሮበታል። ላብ የመሰለ ስስ እርጥበት ብቻ ቢሆን ኖሮ አያስቀይርም ነበር። ጎማውንም መዳፌን ዙሪያውን አስኪደው አሳዩኝ፤ ቦታ ቦታ እየመረጠ ተበልቷል። የግራው አሞርዛተር ወልቆ በእጅ ሲገፋና ሲሳብ ደግሞ መሐል ላይ ምንም የማይቋቋምበት ባዶ ርቀት አለው።

የቀኙ ይቆይ ብዬ ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉ። አንዱ ጠንካራ አንዱ ልል ሆኖ ሲሄድ በተለይ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ሚዛኑን ያጣል አሉ። የፊቶቹን ግን አልነኩም፣ ደኅና ናቸውና።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ ሄጄ በመለያ ቁጥሩ ገዛሁ። ጋሼ አዲሱን ሲዘረጋና ሲታጠፍ ያለውን ርዝመት ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፤ ከዚያ ቀጥ አድርገው አቁመው አየሩ እስኪወጣ ደጋግመው ገፍተው ሳቡት። ያደነቅኋቸው ግን ብሎኖቹን ሲያስሩ ነው። መኪናው ተንጠልጥሎ እያለ ላላ አድርገው ያዙ፣ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ጨርሰው አጠበቁ። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው (ብሎኑ የሚያልፍበት ላስቲክ) ተጠማዝዞ ስለሚቀር መኪናው ሲወርድ ቶሎ ይቀደዳል። ይህን ለማድረግ ከክሪክ አውርዶ እንደገና ከሥር መግባት ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ለዚሁ ይመስለኛል። አሮጌዎቹንም ሳልጠይቅ በካርቶን አስረከቡኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ጋሼ አይቸኩሉም፣ ስልክም አያነሡም። ጠዋት በጊዜ ያልደረሰ ተራው ወደ ከሰዓት ይሄድበታል። የሚጠየቀው ገንዘብ ግን መጀመሪያ ከተቆረጠልን ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወንድሜን ሚኒባስ ይዤ ከበዓል በኋላ እመጣለሁ።