ለማማሰያ የቱ ቁራጭ ይሻላል፦ ወይራ፣ ዋንዛ ወይስ ፓሌት?

ማማሰያ በእጃችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ ከአናጺ ቤት የተረፈ ቁራጭ ይበቃችኋል። ርዝመቱ 40፣ ስፋቱ 7፣ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከበቂ በላይ ነው። ዋናው ነገር የእንጨቱ ዓይነት ነው። እኔ ከተገኘ ወይራ ነው የምለው።

ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው። በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ብላችሁ ብትጭሩት ምልክት የሚይዝ አይመስልም። ቃጫው ደቃቅ ስለሆነ የበርበሬ ቀለም ቶሎ አይጠጣም፤ ገንፎ ስታገነፉበትም ይችላል። ጉዳቱ ሥራው ላይ ነው። መጋዝ ያዶለዱማል፣ ሞረዱም ብርጭቆ ወረቀቱም ጊዜ ይወስዳል። አናጺ ቤት ካጣችሁት የዶማና የመጥረቢያ እጀታ የሚሠሩትን ጠይቁ።

ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለእጅም ይታዘዛል። መሮ ይዞ ለማያውቅ ሰው ጥሩ መጀመሪያ ነው። ግን የእንጨቱ ጥቃቅን ቀዳዳ ሰፋ ያለ ነው። ቁሌት ላይ ሲሰነብት ጫፉ ይቀላል፣ ያ ቀለም ደግሞ በሳሙና አይለቅም። ለሩዝና ለሾርባ ይሁን፤ ለገንፎ አልመክርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። እንዲህ ያለ ዛፍ ትራፊው ማገዶ ሲሆን ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል።

ፓሌት፣ ማለትም ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ፣ በጅቡቲ መስመር ከዕቃ ጋር ስለሚገባ ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ብርቅ አይደለም። ማኅተሙን እዩ። «ኤችቲ» (HT) የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ «ኤምቢ» (MB) የሚለው በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ አትንኩት። ኤችቲውም ቢሆን በመንገድ ምን እንደፈሰሰበት አይታወቅም። የማማሰያ መስቀያ ሥሩበት እንጂ ድስት ውስጥ አታስገቡት። ከእንጨት ፍርፋሪና ብናኝ የሚጋገሩት ችፑድና ኤምዲኤፍ ጭራሽ አይሆኑም፤ ሙጫ አለባቸው፣ ውሃ ሲነካቸውም ያብጣሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ድርቀቱን ሳታዩ አትክፈሉ። ሐረር ወይና ደጋ ነው፣ ድሬ ቆላ። በደንብ ያልደረቀ ቁራጭ ከሐረር ገዝታችሁ የደንገጎን ቁልቁለት ብትወርዱ ድሬ ሙቀት ውስጥ ከጫፉ ይሰነጠቃል። ሁለቱንም ጫፍ ወደ ብርሃን አዙሩና እዩ፤ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ካለው ተዉት። የእንጨቱ መስመርም ከእጀታው ጋር በቁመት ይሂድ። አግድም ካቋረጠው ወይራም ቢሆን አንገቱ ላይ ቀጭ ይላል።

ሲያልቅ የሚበላ ንጹህ የተልባ ዘይት ቀቡት። ቀለም ቤት የሚሸጠው «የተፈላ» የሚባለው የተልባ ዘይት ማድረቂያ ኬሚካል ስለሚገባበት ለምግብ ዕቃ አይሆንም። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉት፤ ዘይቱ ሲደርቅ ራሱ ይሞቅና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።