ሴለስት ወይስ ብራውን ተርኪ? የጓሮ በለስ ከመግዛታችሁ በፊት

«በለስ ልተክል ነው፤ የትኛውን ልግዛ?» የሚለኝ ወዳጅ በዝቷል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ብጽፈው ይሻላል። በለስ ስል እሾሃሙን ቁልቋል ማለቴ አይደለም፤ ቅጠሉ እንደ መዳፍ ጣት ያለውን፣ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያወጣውን ዛፍ ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ ሴለስትና ብራውን ተርኪ ከሚባሉት ሁለት የበለስ ዝርያዎች ሴለስትን ትከሉ።

የመጀመሪያዬን ችግኝ የገዛሁት ቁመቷ አታሎኝ ነው። ወገቤ ድረስ ትደርሳለች፣ «ሴለስት» የሚል ወረቀትም ተንጠልጥሎባታል። በእሷ ዋጋ ስድስት ትንንሽ ችግኞች ይገዙ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬዎቿ አውራ ጣት ሲያካክሉ ቢጫ እየሆኑ ረገፉ። ውኃ አንሷት ይሆናል ብዬ ጨመርኩ፤ በዝቶባት ይሆናል ብዬ ቀነስኩ፤ ፍግም አለበስኳት። ከወደቁት አንዱን ስሰነጥቀው ውስጡ ደረቅና ባዶ ነው። በለስ የሚያውቅ ሰው ዛፏን አይቶ «ይህች ከስሚርና ወገን ናት» አለኝ። የዚያ ወገን ፍሬ የሚጸናው አንዲት ጥቃቅን ተርብ ከወንዴ በለስ የአበባ ብናኝ ተሸክማ ስትገባበት ብቻ ነው። ተርቧ በሌለችበት ቦታ ምንም ቢንከባከቡት ይረግፋል። ሴለስትም ብራውን ተርኪም ያለ ተርብ ያፈራሉ፤ ስለዚህ እውነተኛ ሴለስት ብትሆን ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ባልተረፈኝ ነበር። የከፈልኩት ገንዘብ ይቆጨኛል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚያንገበግበኝ ሦስቱ ዓመት ነው።

ርካሽ ነው ተብሎ ከዘር የበቀለ ችግኝም አይገዛ። እናቱን አይመስልም፣ ወንዴ ሆኖ ሊወጣም ይችላል፤ ይህን የምታውቁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

ብራውን ተርኪን በኋላ ተክያለሁ፤ አሁንም አለኝ። ፍሬው ከሴለስት በጣም ይተልቃል። አዲስ በወጣ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያፈራ አጥብቃችሁ ብትገርዙት እንኳን በዚያው ዓመት ይሰጣል። ቦታ ጠቦት በትልቅ ማሰሮ ለሚተክል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ከፍሬው ግርጌ ያለችው ቀዳዳ፣ «ዓይን» የምትባለው፣ ክፍት መሆኗ ነው። ሌሊቱን ዝናብ ባደረበት አንድ ጠዋት ያማረ፣ የተነፋ ፍሬ ቀጥፌ ለሁለት ስከፍለው እንደ ቦካ ሊጥ ሸተተኝ፤ መሐሉ ላይ ጉንዳኖች ይርመሰመሱ ነበር። በዚያ ሳምንት ከለቀምኩት ግማሹን ጣልኩ። ዋጋ ስታሰሉ ችግኙን ለተቀጠፈው ሳይሆን ለተበላው ፍሬ አካፍሉት፤ ያን ጊዜ ትልቁ ፍሬ ርካሽ አይሆንም። በዚያ ላይ ብራውን ተርኪ የሚለው ስም ለብዙ የተለያዩ ዛፎች ስለሚሰጥ፣ ወረቀቱን ብቻ አምኖ መክፈል አያዋጣም።

የሴለስት ፍሬ ትንሽ ነው፤ ቆዳው ቡናማ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ውስጡ ጽጌረዳ የመሰለ። ዓይኑ ዝግ ስለሆነ ዝናብም ጉንዳንም በቀላሉ አይገባበትም። ጣዕሙን ግን እንዴት ልንገራችሁ! ማር ነው። ዛፉ ላይ ጠውልጎ ሲጨማደድ ደግሞ ጣፋጭነቱ ይብሳል። በሁለት ነገር ግን ያስቸግራል። አጥብቆ መግረዝ ምርቱን ይቀንሰዋል፤ የደረቀውንና የተጠላለፈውን ብቻ አንሡለት። አፈሩ ከደረቀበትም ፍሬውን ያራግፋል፤ ሥሩን በገለባ ወይም በቅጠል ሸፍኑት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ትልቅ ችግኝ አትግዙ። ፍሬውን ከቀመሳችሁት ዛፍ እንደ እርሳስ የወፈረ የአንድ ዓመት ቅርንጫፍ ለምኑ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቁረጡት፤ ቢያንስ ሦስት እንቡጥ ይኑረው፤ አንዱን ብቻ ከላይ አስቀርታችሁ ቅበሩት። የሚያስከፍላችሁ ምስጋና ነው፤ ምን እንደሚያፈራም ታውቃላችሁ። የእናትየው ቅጠል ቢጫ ዝንጉርጉር ካለው ግን ተዉት፤ የሞዛይክ ቫይረስ ከቁራጩ ጋር አብሮ ይመጣል። መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ሻጩ ሥሩን አውጥቶ ያሳያችሁ። እንደ ዶቃ የተቋጠረ እብጠት ካያችሁ ጥቃቅን ትሎች ገብተውበታል፤ በነጻም ቢሰጧችሁ ወደ ጓሯችሁ አታስገቡት።

ፍሬው ሲደርስ አትቸኩሉ፤ በለስ ከተቀጠፈ በኋላ አይበስልም። ቀጥ ብሎ የቆመው አንገቱ ሲጎነበስ፣ ሲነኩት ለስለስ ሲል ቅጠፉት። ከአንገቱ ነጭ ወተት ከፈሰሰ ገና ነበር ማለት ነው። ወተቱ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላልና ቶሎ ታጠቡት፤ የቀሩትን ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ታገሷቸው።