ሌሊት እየራባችሁ ለምትነቁ ሯጮች፦ የሱሉልታዋን ማዘር አመስግነን እንጠቁማችሁ

ይህን የምንጽፈው ሱሉልታ ላይ ተሰባስበን ልምምድ የምንሠራ ሯጮችና አሰልጣኞች ነን። ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ራብ ሞርሙሯቸው የሚነቁ፣ ከነቁም በኋላ እንቅልፍ አልወስድ የሚላቸው በርካታ ናቸው። ለእነሱ የምንጠቁመው የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ወደ ሜዳው በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ያለችውን የማዘርን ቁርስ ቤት ነው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ ሰፈሩም ማዘር ብሎ ነው የሚያውቃቸው። ማዘር፣ እጅዎ ይባረክ፤ እግዜር ይስጥልን።

ማዘርን ከሌላው ምግብ ቤት የሚለያቸው የሯጭን ሰዓት አውቀው መሥራታቸው ነው። የሌሊት ራብ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱ ሳይሆን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ያለው የአበላል ጉድለት ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሰው ሲሮጥ በየኪሎ ሜትሩ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ 20 ኪሎ ሜትር ሲጨርስ 1,200 ካሎሪ ሄደ ማለት ነው። በቀን ከ1 እስከ 3 ሰዓት ጠንከር አድርጎ የሚሠራ ሰው ደግሞ በኪሎ ክብደቱ ከ6 እስከ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። ዝቅተኛውን ብንይዝ እንኳ ለ60 ኪሎ ሰው 360 ግራም ይሆናል። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት የሚሰጠው 70 ግራም ትንሽ ከፍ ቢል ስለሆነ፣ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ደረቅ ዱቄት መብላት ይጠይቃል። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ቀን አንድ እንጀራ በሽሮ፣ ማታም ያው ከሆነ አይሞላም።

ነገሩን የሚያብሰው ከባድ ልምምድ ለጊዜው የምግብ ፍላጎትን መዝጋቱ ነው። ከፍጥነት ልምምድ ወይም ከረጅሙ ሩጫ የተመለሰ ሯጭ ወዲያው አይርበውም፤ ሻይ ጠጥቶ ጋደም ይላል። ጉበት ሲሞላ የሚይዘው የስኳር ክምችት ከ100 ግራም ብዙ አይዘልም፤ ሌሊቱን ሙሉ አንጎልን የሚቀልበው ከዚያ ነው። ቀን የጎደለው ሳይተካ ከተተኛ፣ ሰውነት የቀረበትን ሌሊት ላይ ይጠይቃል።

ማዘር መጀመሪያ የሚይዙት ይህንኑ ክፍተት ነው። ልምምድ በጨረሳችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ራባችሁም አልራባችሁም፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ በሶ ያስጠጧችኋል። ልኩን ጠይቀን መዝግበናል፦ 40 ግራም ገደማ የበሶ ዱቄት፣ ማለትም 4 የሾርባ ማንኪያ፤ 300 ሚሊ ሊትር ፈልቶ ለብ ያለ ወተት፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ማርና ቁንጥጫ ጨው። ሲደመር 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከልምምድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት የሚመከረው ልክ ይኸው ነው። ቤታችሁ ስትሞክሩት ዱቄቱን ወተቱ ላይ አትነስንሱት፤ ይጓጉላል፣ የቀረውም ብርጭቆው ሥር ይዘቅጣል። ማዘር ዱቄቱን አስቀድመው በ3 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይለውሱታል፤ ጓል እስኪጠፋ በማንኪያው ጀርባ ጎንና ጎን ላይ ይጨፈልቁታል፤ ወተቱን ጠብ ጠብ እያደረጉ የሚያቀጥኑት ከዚያ በኋላ ነው። ገብሱንም ራሳቸው ስለሚቆሉት ያረረ ሽታ የለውም። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቂንጬ ወይም ጨጨብሳ ከ2 እንቁላል ጋር ይመጣል። ከእንቁላሉ 12፣ ከወተቱ 10 ግራም ፕሮቲን ስለሚገኝ ለጡንቻው ጥገና ከበቂ በላይ ነው።

ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ሁለተኛ ልምምድ ላለበት ሰው የበሶ ጭብጦ ቋጥረው ይሰጣሉ፦ በሶ፣ ውሃ፣ ትንሽ ዘይትና ጨው፤ በርበሬው ለስሙ ያህል። ይህ ጭብጦ ልምምዱ እንዳለቀ፣ ሜዳው ላይ ሳለን የሚበላ ነው። እራት እስኪደርስ ባዶ ሆድ መቆየት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነውና። እራቱ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ ተኩል እንጀራ ከወፍራም ሽሮ ወይም ከምስር ጋር። 2:30 ገደማ ደግሞ አንድ ኩባያ ወተትና ቁራሽ አምባሻ ተጨምሮ 3 ሰዓት ላይ መተኛት ነው። እራትን አዘግይቶ ሁሉንም ባንዴ መብላት ቃር ያስነሳል፤ ውሃንም ማታ ላይ አብዝቶ መጠጣት ለሽንት ይቀሰቅስና የነቃ ሰው ራብ የቀሰቀሰው ይመስለዋል። ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ለሯጭ አይሰጡም፤ ትክክል ናቸው። የካፌይኑ ግማሽ ከደም እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

በጾም ጊዜ ደግሞ ማዘር ይበልጥ ይጠቅማሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በሁዳዴ 55 ቀናት፣ ወተቱ በሱፍ ውሃ ይተካል፤ 2 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ይገባበትና የሽምብራ ቆሎ ይታከላል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከባዱን ልምምድ ወደ ከሰዓት ቢያዞረው ጥሩ ነው፤ እንደጨረሰ መብላት ይችላልና። ለረመዳን ጿሚዎችም ለሱሁር የሚሆን ወፍራም በሶ በዋዜማው ያዘጋጃሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከነቃችሁ፣ አልጋችሁ አጠገብ ሙዝና ትንሽ ጭብጦ ይኑር። እያገላበጣችሁ ከመጨነቅ በልታችሁ ተመለሱ፤ ስልክ ግን አትክፈቱ። በማግስቱ የነቃችሁበትን ቀን ከልምምዱ ጋር ጻፉት። ሁልጊዜ ረጅሙን ሩጫ በሮጣችሁበት ቀን ሌሊት ከሆነ የጎደለው የዚያ ቀን ምግብ ነው፤ ልምምድ በሌለበት ቀንም የሚመጣ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይፈለግ።

አንድ ነገር ማዘርም አጥብቀው ይናገራሉ፦ ከእምብርት በላይ እያቃጠለ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ትንሽ ምግብ ሲቀመስ ጋብ የሚል ሕመም ራብ ሳይሆን የአንጀት ቁስለት ሊሆን ይችላል። በሶ እየጠጡ ማስታገስ በሽታውን መደበቅ ነው፤ ሄዶ የኤች ፓይሎሪ፣ ማለትም ቁስለቱን የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ምርመራ ማድረግ ይገባል። ራቡ ከብዙ ጥማት፣ ከተደጋጋሚ ሽንትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የደም ስኳር መለካት አለበት። ሴት ሯጮች ደግሞ የወር አበባ ከቀረባችሁ ለልምምዱ የሚበቃ ምግብ እየበላችሁ ላይሆን ይችላልና ለሐኪም ንገሩ። ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሌሊት በራብ፣ በላብና በመንቀጥቀጥ ከነቃ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ወስዶ ስለ መድኃኒቱ ሐኪሙን ያማክር።

ማዘር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ አሉ። የአስቤዛ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ሂሳቡን እዚያው ጠይቁ፤ በወር መክፈልም ይቻላል። ለጭብጦው ንጹሕ ዕቃ፣ ለበሶው ኮዳ ይዛችሁ ሂዱ። ጾመኛ ከሆናችሁ፣ ወተት የማይስማማችሁም ከሆነ፣ ከዋዜማው ንገሯቸው።